ጉርሻ በጓንት

«ጀበል አካባቢ ነው አሉ» ብሎ ይጀምራል ሐጎስ። «አንዲት ሐበሻ ወጥ ሠሪ ናት አሉ። እጇ ሲላጥ፣ ሲላጥ ኖሮ በመጨረሻ ከእሷ የበላው ሁሉ ከንፈሩ ተላጠ። አንዱማ ካምፓላ ድረስ ለሕክምና ተወስዷል።»

በቀደም ሲያወራው ሰውየው የተወሰደው ናይሮቢ ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ ወጥ ሠሪዋ ጀበል ሳትሆን ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ዳር ነበረች፤ የተላጠውም ከንፈር ሳይሆን ምላስ ነበር። የሐጎስ ወሬ እንደ ጁባ ቦዳቦዳ ሞተር ብስክሌት ነው፤ መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ እያፈናጠጠ ይሄዳል። ስም ግን አይጠራም። ምን ያስፈልገዋል? ወሬውን ሲጨርስ ጣቱን ልሶ ወደ ኩሽናው መስኮት ያያል። አብሮት የሚበላውም ሁሉ ወደ ኩሽናው መስኮት ያያል። መስኮቱ ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ።

«ጋሽ ሐጎስ» እለዋለሁ፣ «እርስዎ ሁለት ዓመት ሙሉ ከእጄ በልተው ከንፈርዎ አልተላጠም። ቢላጥማ እኛም ባረፍን ነበር።»

ይስቃሉ። ሐጎስም ይስቃል። የከባድ መኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ ከክፉ የሚብስ፣ ሥራ የፈታ ሰው ነው። በማግስቱ መጥቶ እጁን ይታጠብና እንደገና ከጀበል ይጀምራል።

ይህ የሆነው የደቡብ ሱዳን የነፃነት ሪፈረንደም ሊደረግ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ጁባ በየቀኑ አዲስ ሰው በምትቀበልበት ጊዜ ነው። የመጣ ሁሉ መብላት አለበት። እትዬ ማናህሎሽ ይህ ነገር ከብዙ ሰው ቀድሞ ገብቷት፣ ሁለት ኮንቴይነር አቁማ፣ መካከሉን በቆርቆሮ ከድና ምግብ ቤት ከፍታለች፤ ከጎኑም የምታከራያቸው ጥቂት የእንግዳ ክፍሎች አሏት። ኩሽናው ከኋላ ነው። ቀትር ላይ እዚያ ቆርቆሮ ሥር የገባ ሰው ስሙን ይረሳል። እኔ ሁለት ዓመት ቆሜበት ስሜን አልረሳሁም። ሩሃማ እባላለሁ።

እጄ የተላጠው እውነት ነው። ችፌ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ በክርኔና በጉልበቴ ማጠፊያ ሲመጣ ሲሄድ የኖረ ነገር ነው፤ ጁባ ከገባሁ በኋላ ግን እጄ ላይ ሰፈረ። ችፌ አይጋባም። በመጨባበጥ አይተላለፍም፣ ከወጥ ጋር አይወርድም። ይህን ስንት ጊዜ ተናገርኩ! ሰው ግን ከሚያስረዳው ይልቅ የሚያስፈራራው ይጥመዋል።

መድኃኒት የሚያዝልኝ አላጣሁም። እትዬ ማናህሎሽ «ውሃው ነው፤ የዚህ አገር ወንዝ ሐበሻ አይወድም» ትላለች። ፀሎት፣ አስተናጋጃችን፣ እናቷ ከአዲስ አበባ የላኩላትን ጸበል በሃይላንድ ጠርሙስ ታካፍለኛለች። አንድ ሾፌር «ምች ነው» ብሎኛል። አንዱ ደግሞ የሰው ዓይን ነው አለኝ፤ ዓይኑን ከእጄ ላይ ሳያነሣ።

እኔ ያላነበብኩትን አላምንም። ከአሥረኛ ክፍል ነው የወጣሁት፤ የተውኩት ትምህርት ቤት መሄዱን እንጂ መማሩን አይደለም። እንግሊዝኛን የተማርኩት ከመዝገበ ቃላትና እንግዶች ክፍላቸው ውስጥ ጥለውት ከሚሄዱት ወረቀት ሁሉ ነው። አንዲት ኬንያዊት ነርስ ስትሄድ ወፍራም የቆዳ ሕክምና መጽሐፍ ጥላ ሄደች። ሥዕሎቹን ያየ ሰው ምሳ አይበላም። እኔ በምሳ ሰዓት አነበብኩት።

መጽሐፉ የሚለው ሲጠቀለል፣ ችፌ ተኝቶ የሚኖር ነገር ነው። የሚቀሰቅሰው ካገኘ ይነሣል። ቀስቃሹ ከሰው ሰው ይለያያልና እያንዳንዱ የራሱን አሳዶ መያዝ አለበት። ይህ ነገር ደስ አለኝ። ሌባ ማደን ማለት ነው፤ ያውም የቤት ሌባ።

መጀመሪያ የያዝኩት ኦሞን ነው። ሳህን ያጠብኩ ቀን ጣቶቼ መሐል ይሰነጠቃል፣ ያላጠብኩ ቀን ይታገሠኛል። ስለዚህ ከፀሎት ጋር ተቀያየርን፤ እሷ ሳህኑን ስታጥብ እኔ ትልልቁን ድስት አነሣለሁ። ቀጥሎ ለእንግዶች ክፍል የሚቀመጠውን ሽቶ ሽቶ የሚል ሮዝ ሳሙና ጣልኩ። ከዚያ ሙቅ ውሃን። ሙቅ ውሃ አታላይ ነው፤ ሲያፈሱት ማሳከኩን ዝም ያሰኘዋል፣ ትንሽ ቆይቶ ከነወለዱ ይመልሰዋል። በለብታ ውሃ፣ ፈጠን ብሎ መታጠብ ነው። በፎጣ መፈግፈግ የለም፤ ጫን ጫን እያደረጉ ማድረቅና ገላው እርጥበቱ ሳይለቀው ቅባት መቀባት።

ቅባቱን ያገኘሁት ኮንዮ ኮንዮ ነው። ከቲማቲም ሻጮቹ ጀርባ ሰው ሁሉ «ማማ» የሚላት አንዲት ባልቴት፣ ሉሉ የሚሉትን የዛፍ ቅቤ በቆርቆሮ ጣሳ ይዛ ትቀመጣለች። ሽቶ የለው፣ ቀለም የለው። ስትሰፍርልኝ እጄን ይዛ ታገላብጠዋለች።

«ኪፍ፣ ሐበሺያ?»

«ትንሽ ይሻላል» እላታለሁ፣ በእጄም በአረብኛም እየተንተባተብኩ።

«ማፊ ሙሽኪላ» ትለኛለች። ችግር የለም ማለቷ ነው። በዚያ ከተማ እጄን ሳትፈራ የምትይዘው እሷ ብቻ ነበረች።

ናይለን ቀሚሴን ለፀሎት ሰጥቼ ጥጥ መልበስ ጀመርኩ፤ ላብ ናይለን ሥር ሲታፈን ያቃጥላልና። ጥፍሬን ከሥሩ ቆረጥኩ፣ በእንቅልፍ ልቤ እንዳላክክ። የደጁ አቧራ ሲነሣ በር እዘጋለሁ። ጭንቀትም ይቀሰቅሳል ይላል መጽሐፉ። እንግዲህ ጠላቶቼ እነዚህ ሆኑ፤ ሳሙና፣ ሙቅ ውሃ፣ ላብ፣ አቧራ፣ ሎሚ፣ ሽንኩርት፣ ሐጎስ።

ሌላውን ሁሉ እሸሸዋለሁ። ሐጎስንም ቢሆን ጀርባ እሰጠዋለሁ። ወጥ ሠሪ ግን ከሎሚና ከሽንኩርት ወዴት ትሸሻለች? መጽሐፉ እጅን በጓንት መከላከል ነው ይላል። ከሥሩ የጥጥ ጓንት ይደረግበታል የሚልም አለበት፤ የጥጥ ጓንት በጁባ ሙቀት ማን ይሸጣል? ሐኪሞች የሚያጠልቁትን፣ ውስጡ ነጭ ዱቄት ያለበትን ስስ የላስቲክ ጓንት በካርቶን ገዛሁ። ጠዋት አጠልቃለሁ፣ ማታ አወልቃለሁ። ሲቀደድ እለውጣለሁ።

እትዬ ማናህሎሽ መጀመሪያ ያየችኝ ቀን ወገቧን ይዛ ሳቀች። «ቀዶ ጥገና ክፍል ከፈትሽብኝ እንዴ? ሽንኩርቱን ልታዋልጂው ነው?»

«እርስዎ ይሳቁ። ንጽሕና ነው።»

«ንጽሕናውንስ ወድጄዋለሁ። ሐጎስ ምን እንደሚል እያሰብኩ ነው እንጂ።»

ሐጎስ ምን አለ? «ጓንት ያለ ነገር አይጠለቅም» አለ። ከዚያ ወዲያ የጀበሏ ወጥ ሠሪም ጓንት ማድረግ ጀመረች።

እኔ ግን ንቅንቅ አላልኩም። ምክንያቱም መንገዴ ይሠራ ነበር። ክርኔ ጠራ። ጉልበቴ ጠራ። አንገቴ ሥር የነበረው ሳይቀር ጠፋ። እጄ ብቻ አሻፈረኝ አለ። ከአንጓዬ በላይ ደኅና፣ ከአንጓዬ በታች ቀይ፤ መካከሉ ላይ አምባር ያሠርኩ ይመስል ቀጥ ያለ መስመር አለ። ያንን መስመር ባየሁ ቁጥር ጓንቱን አመሰግነው ነበር። እሱ እየተከላከለልኝ እንዲህ ከሆነ፣ ባይኖርማ ጣቶቼ ድስቱ ውስጥ በወደቁ ነበር እል ነበር።

ይህ ሁሉ ማሳደድ ለውበት አይደለም። ወንዙን ተሻግሮ፣ ጉምቦ፣ አንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት ካምፕ ነበር። ሐበሻ ሠራተኛ የሞላበት ነው፤ ካንቲን የሚይዝላቸው ሰው ፈልገው የካምፑ ኃላፊ ኢንጂነር እስክንድር ከእትዬ ማናህሎሽ ጋር መነጋገር ጀምሯል። እትዬ ማናህሎሽ ደግሞ ፊት ለፊቴ ቆማ ምላለች።

«ካንቲኑን ካገኘን የምትይዢው አንቺ ነሽ። ወርቂቱ ትሙት!» ወርቂቱ እናቷ ናቸው፤ በእሳቸው ከማለች አትዋሽም ይባላል።

«የራሴ ኩሽና?»

«የራስሽ። ክፍልም አለው። በር ያለው።»

በር ያለው። እኔ ሁለት ዓመት የተኛሁት ኮንቴይነር ውስጥ፣ ከፀሎትና ከሌሎች ልጆች ጋር፣ መጋረጃ ሆኖ በተሰቀለ የአልጋ ልብስ ጀርባ ነው። ልብሴን የምቀይረው ጀርባዬን ለሰው ሰጥቼ ነው። የማነበው በሰው ማንኮራፋት መሐል ነው። «ይህንን አብስይ፣ ያንን ተዪ» የማይሉኝ ኩሽናና ገብቼ የምዘጋው በር፤ ከዚህች ከተማ የፈለግሁት ይህንኑ ነበር። ብዙ ነው?

ኢንጂነሩ የነቢያት ጾም ሳይገባ መጥቼ ዶሮ ወጣችሁን ልቅመስ ብሎ ለእሑድ ቀጠሮ ያዘ።

ዶሮ ወጥን የእጄ ጠላት የፈጠረው ይመስለኛል። ዶሮው በሎሚና በጨው ታሽቶ ይታጠባል፤ ውሃው ጥርት እስኪል እየተደፋ እየተለወጠ፣ አንዴ አይደለም ሁለቴ አይደለም። ሎሚ የጎደለበትን ዶሮ የሐበሻ አፍንጫ ከመንገድ ማዶ ያውቀዋል። ከዚያ ሽንኩርቱ አለ፤ በርበሬው አለ፤ ነጭ ሽንኩርት መላጡ አለ። እሳቱ አለ። ቅዳሜን ሙሉ ቆሜ ዋልኩ። ለክብሩ ብዬ ጓንቱን ደርቤ አጠለቅሁ፤ አንዱን በአንዱ ላይ። ላቤ ጣቶቼ ጫፍ ላይ ተጠራቅሞ እጄን ባዘቀዘቅሁ ቁጥር ይንቦጫረቃል። አላወለቅሁትም። የሚያሳክከኝን በጥርሴ ይዤ ቁሌቴን አማሰልኩ።

ማታ ሳወልቀው እጄ የእኔ አልመሰለኝም። አብጧል፣ ቀልቷል፣ ጣቶቼ ማጠፊያ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ወጥቷል። እትዬ ማናህሎሽ መብራቱን አስጠግታ አየችው።

«እግዚኦ! ነገ ይህን ደብቂልኝ።»

«የት ልደብቀው? ኪሴ ውስጥ?»

«አትሳለቂብኝ ሩሃማ፣ ደክሞኛል። ጓንትሽን አድርገሽ ከኩሽና አትውጪ። ፀሎት ታቅርብ።»

«ካንቲኑስ?»

«ካንቲኑማ ያንቺ ነው አልኩሽ እኮ።»

ወርቂቱ ትሙት አላለችም። ልብ ብዬዋለሁ።

እሑድ ኢንጂነር እስክንድር ሦስት ሰዎች አስከትሎ መጣ። ትልቅ ሰው ነው፤ ትልቅ ሳቅ፣ ትልቅ ሆድ። ከተከተሉት አንዱ ዳምጠው የሚሉት ቀጭን ዝምተኛ ነበር፤ ሌሎቹ ሲስቁ እሱ ሳህን ያያል። ሐጎስ በማዕዘኑ ወንበሩ ላይ ነው፤ እሑድም አይቀርም። ፀሎት አስታጠበች፣ አቀረበች። እኔ ከመስኮቱ ኋላ ቆሜ አፋቸውን አያለሁ። ወጥ ሠሪ የሚበላ ሰው አፍ ታነባለች። ኢንጂነሩ የመጀመሪያውን ሲጎርስ ዓይኑን ጨፈነ። አበቃ፣ ካንቲኑ የኔ ነው አልኩ።

«ማናት ይህን የሠራችው?» ብሎ ጮኸ።

«ልጆቹ ናቸው…» አለች እትዬ ማናህሎሽ።

«ልጆቹ አይደሉም፤ ይህ የአንድ ሰው እጅ ነው። ትምጣ! ትምጣና ታጉርሰኝ፤ ካላጎረሰችኝ ውል የሚባል ነገር የለም!»

ሁሉም አጨበጨቡ። በዚህ ጊዜ ምን ይደረጋል? የጠራ እንግዳ እምቢ አይባልም። ወጣሁ፤ ከነጓንቴ። እንጀራውን ቆርሼ ዶሮውን ልጠቀልል ስል ከማዕዘኑ የሐጎስ ድምፅ መጣ።

«በጓንት? ኧረ ጎበዝ! ጉርሻ ነው ወይስ መርፌ?»

ሳቁ። ኢንጂነሩ ራሱ ሳቀ። «እውነቱን ነው እህቴ፤ በላስቲክ አልጎርስም። እጅሽን ነው የፈለግሁት።»

እውነት ነው፤ በጓንት አይጎረስም። ጉርሻ እኮ እጅ ነው። እጄን ከልክዬህ ወጤን ብላ ማለት ስድብ ነው። ከጓንት ጋር ቆሜ ብቀር ሰደብኩት፣ ባወልቀው ሐጎስ እውነተኛ ሆነ። እትዬ ማናህሎሽ በዓይኗ ተመለሺ ትለኛለች። እኔ በሕይወቴ ወደ ኋላ እየሄድኩ ከክፍል ወጥቼ አላውቅም። አወለቅሁት። ጓንቱን የትሪው ዳር፣ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ፤ እንጀራ ቆረስኩ፣ ሥጋውን ፈለፈልኩ፣ መረቁን አስነካሁ። በርበሬው ስንጥቁ ውስጥ ሲገባ እስከ ትከሻዬ ተሰማኝ። ጉርሻዬን አሳምሬ ጠቅልዬ ወደ ኢንጂነሩ አፍ አነሣሁ።

አፉ ተከፍቶ ነበር። ዓይኑ ወረደ። እጄን አየ። አፉ ቀስ ብሎ ተከደነ፤ በር እንደሚዘጋ ነው የተዘጋው፣ ሳይጮህ።

«ችፌ ነው» አልኩ። «አይጋባም።»

አንዳች ነገር ያደረገ ዳምጠው ብቻ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ያኖርኩትን ጓንት በሁለት ጣቱ አነሣ፣ ገልብጦ ውስጡን አየ፣ ከዚያ አንጓዬን አየ፣ ረዘም አድርጎ፣ ከዚያ ጓንቱን መልሶ አኖረና ጣቱን በሶፍት ጠረገ። ሐጎስ እንኳ በዚያ ሁሉ ምላሱ እንዲህ አላደረገኝም።

«ፀሎት!» አለች እትዬ ማናህሎሽ። «ነይ አንቺ፣ አጉርሺ እንጂ! እንግዳ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል?»

ፀሎት መጣች። እኔን ሳታይ ጠቀለለች፣ አጎረሰች፣ ኢንጂነሩ ጎረሰ፣ ጭብጨባ ሆነ። እኔ ጉርሻዬን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ። ትሪው ላይ ልመልሰው? ራሴው ጎረስኩት። ሁሉም እያዩኝ ቀስ ብዬ አላመጥኩ፣ ዋጥኩ።

«ምንም አልጎደለውም» አልኩና ወደ ኩሽናዬ ገባሁ።

በማግስቱ እትዬ ማናህሎሽ መጥታ ከሽንኩርት ጆንያው ላይ ተቀመጠች። ቁጭ ስትል ነው የገባኝ፤ ደግ ዜና ይዛ ከሆነ ቆማ ነው የምትናገረው።

«ወጡን ወደዱት» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ካንቲኑን ሰጡን። ግን… ፀሎት ትያዘው። ሰዎቹ እሷን አይተዋል።»

«እኔንም አይተዋል።»

«እሱ ነው እኮ ችግሩ ሩሃሜ። አንቺን ማን ጠላ? እጅሽን ነው።»

«እጄ ከኔ ተለይቶ ነው እንዴ የሚቀጠረው?»

«አንቺ እዚህ ንግሥት ነሽ፤ ኩሽናው ያላንቺ አይቆምም» አለችና ትከሻዬን ነካችኝ። ትከሻዬን፤ እጄን አይደለም።

ፀሎት ሻንጣዋን ስትይዝ አለቀሰች። «እኔ ዶሮ መሥራት መቼ እችላለሁ ሩሃማ?» አለችኝ። አትችልም። እውነቷን ነው። ስለዚህ ምን ሆነ? እኔ እዚህ እሠራለሁ፣ ወጡ በትልልቅ ድስት መኪና ላይ ተጭኖ ድልድዩን ይሻገራል፣ ጉምቦ ላይ ፀሎት ጨልፋ ታቀርባለች። ከእጄ አልጎርስም ያለው ሰውዬ በየቀኑ ከእጄ በላ። የጉምቦው ካንቲን ወጥ ስሙ ወጣ። ሐጎስ ሳይቀር «ጉምቦ ያለችው ልጅ እጇ ይጣፍጣል አሉ» እያለ ያወራ ነበር፤ የኔን ወጥ እየበላ።

ተናግሬ ባጋልጣቸው እችል ነበር። ለማን? ደግሞ በጣም ደክሞኝ ነበር። ሌሊት ማሳከኩ ያነቃኛል፤ አለመተኛቱ ያባብሰዋል፤ መባሱ አያስተኛም። መጽሐፉ ይህን «አዙሪት» ይለዋል። ሳሙናውን ቀየርኩ፣ ሎሚውን ሌላ ልጅ እንድትይዝ ተለማመጥኩ፣ ቅቤዬን ጨመርኩ፣ ጓንቴን አጠበቅሁ። መስመሩ አንጓዬ ላይ እንዳለ አለ።

ሪፈረንደሙ አለፈ። ሰው በደስታ መንገድ ላይ ሲጨፍር እኔ ቁሌት እያማሰልኩ ነበር፤ እንኳን ደስ ያላችሁ ብዬ ወደ ቁሌቴ ተመለስኩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ ሆቴል የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛ እንደሚፈልግ ሰማሁ። እንግሊዝኛዬን ይዤ ሄድኩ። የወረቀት ማስረጃ የለኝም፤ አስተዳዳሪውን ግን በቆመበት ሰዋስው አርሜለት ቀጠረኝ። እትዬ ማናህሎሽ «ሽንኩርት ትናፍቂያለሽ» አለችኝ። ይኸው እስከ ዛሬ አልናፈቀኝም።

ዝናቡ ሳይጠነክር እጄ ጠራ። መጀመሪያ እብጠቱ፣ ከዚያ ቅላቱ፣ በመጨረሻ ያ መስመር። ለሚጠይቀኝ ሁሉ ምን እንደሠራሁ እናገር ነበር፤ ሳሙናውን፣ ለብታውን ውሃ፣ ጥጡን፣ ሉሉውን። የሆቴሉ ልጆች ችፌ የያዘው ዘመድ ሲኖራቸው እኔ ጋ ይልኩ ጀመር። ሐጎስ አንድ ቀን ለሥራ እንግዳ ሊቀበል መጥቶ መቀበያው ላይ አገኘኝ። እጄን አየና ለእንግዳው «ጀበል አካባቢ የነበረችው ወጥ ሠሪ ዳነች አሉ» አለው። «በጸበል።»

ነፃነቱ ከታወጀ በኋላ የመንገዱ ድርጅት ካምፑን አንሥቶ ወደ ቶሪት አቅጣጫ ተጓዘ። ካንቲኑ የቆርቆሮና የእንጨት ነበርና ፈረሰ። በር የነበረው ክፍልም አብሮ ፈረሰ። ፀሎት ወደ አዲስ አበባ ልትመለስ ስትል ልትሰናበተኝ መጣች። ወፍራለች፤ ጥሩ ቆዳ አውጥታለች። መቀበያው ሶፋ ላይ ተቀምጠን አሮጌ ወሬ አወራን። በሩ ከነቁልፉ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋት። «ቁልፉ አይሠራም ነበር» አለችኝ። እኔን ለማጽናናት ይመስለኛል።

ከዚያ እጄን ያዘችና እንደዚያች የኮንዮ ኮንዮ ማማ አገላበጠችው።

«ጠፋልሽ! ጓንቱን ተውሽው ማለት ነው?»

«እዚህ ምን ያደርግልኛል? ቁልፍ ለመስጠት ጓንት አላጠልቅም።»

«ታዲያ እሱ ነዋ።»

«ምኑ ነው እሱ?»

ግራ ገብቷት አየችኝ። «አልነገሩሽም እንዴ? ነግረዋታል ብዬ እኮ ነው… ዳምጠውን ታስታውሺዋለሽ? ያ ቀጭኑ።»

«ጓንቴን በሁለት ጣቱ ያነሣውን? እንዴት እረሳዋለሁ።»

«የካምፑ ጤና መኮንን እኮ ነው። እኔም እዚያ ከገባሁ በኋላ ነው ያወቅሁት።»

«እና?»

«እናማ… ያን ቀን ሲመለሱ ሾፌሩ ሰምቶት ነው ኋላ የነገረኝ። ማዕድ ላይ የሰው ገላ ማንሣት ነውር ነው ብሎ ዝም አለ እንጂ፣ ገና መኪናው ሳይንቀሳቀስ ለኢንጂነሩ ነግሮታል። የልጅቷ እጅ የላስቲኩ ቁጣ ነው፣ መስመሩ አንጓዋ ላይ ልክ ጓንቱ የሚያልቅበት ላይ ነው የቆመው፤ ጓንቱን ብትጥለው በሁለት ሳምንት ውስጥ ይጠፋላታል ብሎት ነበር።»